ሞትን በብሉዝ የሚለፍፉት ጋሼ

በእኛ ሰፈር ሰው ሲሞት የእድሩ ጡሩምባ ነፊ ገና ጎህ ሲቀድ ከቤቱ ይወጣል። በየመንገዱ ጥግ ቆሞ ሦስት ጊዜ ረዘም አድርጎ ይነፋና የሟቹን ስም፣ የቀብሩን ቦታና ሰዓት ይለፍፋል። ይህ በአዳማ ብቻ ሳይሆን በየከተማው ያለ ነገር ነው። የእኛን እድር ለየት የሚያደርገው ጡሩምባ ነፊያችን የጃዝ ሙዚቀኛ መሆናቸው ነበር። ጣጣው ሁሉ የመጣውም ከዚሁ ነው።

በዚህ ጉዳይ ከማንም በላይ የመናገር መብት አለኝ። በአንድ በኩል የእድሩ ጸሐፊ ነኝ፤ ቃለ ጉባኤ የምይዘውም፣ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ የምጽፈውም እኔ ነኝ። በሌላ በኩል ቅዳሜ ቅዳሜ ሆቴል ውስጥ ከእኚሁ ጡሩምባ ነፊ፣ ከጋሼ ጋር የምዘፍነው እኔው ነኝ። ሰኞ ማስጠንቀቂያ የጻፍኩላቸውን ሰው ቅዳሜ ጎናቸው ቆሜ "የት ላይ ልግባ?" እያልኩ በዓይኔ እጠይቃቸዋለሁ። አንድም ቀን በደብዳቤው አልወቀሱኝም። አንድ ጊዜ ብቻ፣ "ፊርማሽ በጣም ያምራል፤ ምነው ድምፅሽም እንደ ፊርማሽ በሆነ" አሉኝ። ለአንድ ሳምንት አኮረፍኳቸው።

ጋሼ ሳክስፎን የጀመሩት ወንጂ ነው። አባታቸው የሸንኮራ አገዳ ቆራጭ ሆነው ከሩቅ አገር የመጡ ሰው ነበሩ፤ እሳቸው እዚያው ካምፑ ውስጥ ተወልደው አደጉ። የሠራተኞቹ ክበብ ውስጥ ማንም የማይነካው አንድ አሮጌ ሳክስፎን ነበር። "የዚያን ቀን ኳሳችን ባይተነፍስ ኖሮ እኔ የግራ ክንፍ ተጫዋች ነበርኩ፤ ኳሱን የሚነፋልን አጥተን ስንፈልግ ይሄን አገኘሁት" ይሉ ነበር። እውነት ይሁን አይሁን አላውቅም። ጋሼ እውነትን የሚናገሩት ቀልድ ሲያልቅባቸው ብቻ ነው፤ ቀልዳቸው ደግሞ አያልቅም።

እኔ ሳውቃቸው ከስልሳ አልፈዋል። ቀጭን፣ ረጅም፣ በዚያ የአዳማ ሙቀት ኮት የማያወልቁ ሰው ነበሩ። "ጋሼ፣ አይሞቅዎትም?" ስላቸው "ከሙቀቱ ጋር አንተዋወቅም" አሉኝ። ከከተማው በላይ ጋራው ላይ የተተከሉትን የነፋስ ኃይል ማመንጫዎች ለእንግዳ ሲያሳዩ፣ "መንግሥት የእኔን ትንፋሽ አይቶ ነው፤ ብቻውን ይባክናል ብሎ አዘነ" ይሉ ነበር። እንግዳው ከሳቀ ይደግሙለታል፤ ካልሳቀም ይደግሙለታል።

አዳማ የስብሰባ ከተማ ናት። ሆቴሎቻችን ውስጥ ዓመቱን ሙሉ ሥልጠና አለ፤ ቅዳሜ ወደየመጡበት ያልተመለሱት ሠልጣኞች ባጃቸውን አንገታቸው ላይ እንዳንጠለጠሉ እኛን ሊያዳምጡ ይመጣሉ። አንዱ ባለ ባጅ በእረፍታችን ወደ ጋሼ ጠጋ ብሎ፣ በጣም በትሕትና፣ "አባታችን፣ ጃዝ ማለት በአጭሩ ምን ማለት ነው?" አላቸው።

"ስብሰባ ነው ልጄ። ሁሉም በተራው እየተነሣ የመሰለውን ይናገራል። ልዩነቱ፣ የእኛ ላይ ሌሎቹ ያዳምጣሉ።"

ሰውየው ማስታወሻ ደብተሩን አውጥቶ ጻፈው። ቀጠለና "ብሉዝስ?" አለ።

"እሱም ያው ስብሰባ ነው፤ አበሉ ሲቀር።"

ይህን ግን አልጻፈውም። ዞር ብሎ ለጓደኞቹ ሲነግራቸው ግን ጠረጴዛው በሙሉ ነው የተንጫጫው። እኔ በሳቅ ምክንያት የሚቀጥለውን ዘፈን ከመሀሉ ነው የጀመርኩት፤ ኦርጋን የሚጫወትልን ወጣትም አብሮኝ ተሳሳተ።

እንግዲህ እኚህ ሰው የእድራችንን ጡሩምባ እንዴት እንደያዙ ልንገራችሁ። የቀድሞው ነፊ ጉልበታቸው ደክሞ ሲተዉት ሊቀመንበራችን ስብሰባ ጠሩ። ሊቀመንበራችን በጡረታ የተገለሉ ርዕሰ መምህር ናቸው፤ እስከ ዛሬ የሚያዩን ጠዋት ሰልፍ ላይ እንደቆምን አድርገው ነው። "ማን ይንፋ?" ሲሉ ሁላችንም ጫማችንን ማየት ጀመርን። ከኋላ ወንበር ጋሼ እጃቸውን አወጡ። "ሥራዬ ነው" አሉ። ሊቀመንበሩ ሥራቸው ምን እንደሆነ ሳይጠይቁ አጸደቁት። እኔ አውቅ ነበር፤ አልተናገርኩም። ምን እንደሚመጣ ለማየት ጓጉቼ ነበር፤ አልዋሽም።

የመጀመሪያው ጠዋት የደረሰው ለአንዲት ዕድሜ ለጠገቡ እናት ነው። እኔ አልጋዬ ላይ ነበርኩ። ጡሩምባው በደንቡ መሠረት ቀጥ ብሎ ጀመረ፤ ከዚያ መጨረሻው ላይ ዘቅዘቅ አለ፣ ተንሸራተተ፣ ትንሽ ተንቀጠቀጠና ጭራሽ ቁልቁል የሄደውን ያህል ሽቅብ ተመለሰ። መጀመሪያ የሰፈሩ ውሾች ተቀበሏቸው። ቀጥሎ፣ ከእኔ ጋር ግድግዳ የምትጋራው ሳምቡሳ ሻጭ ጎረቤቴ ሙሽራ የመጣ መስሏት በመስኮት ብቅ አለችና እልልታዋን ለቀቀችው። እልልታው ሳያልቅ ጋሼ ከታች፣ "...ስላረፉ ቀብራቸው ዛሬ በስምንት ሰዓት..." ብለው ቀጠሉ። የጎረቤቴ ግማሽ እልልታ ጉሮሮዋ ውስጥ ቀረ። ትራሴን አፌ ላይ ባልይዝ ኖሮ ከሰፈር እባረር ነበር።

የሟቿ ልጆች ቅር አላላቸውም፤ "እማዬ ሙዚቃ ትወድ ነበር" አሉ። ሊቀመንበሩ ግን አስቸኳይ ስብሰባ ጠሩ። ብዕሬን ይዤ ተቀመጥኩ።

"ጡሩምባ የሚነፋው ቀጥ ብሎ ነው!" አሉ ሊቀመንበሩ ጠረጴዛውን መታ እያደረጉ። "ሦስት ጊዜ፣ ቀጥ!"

ጋሼ ተነሡ። የኮታቸውን ቁልፍ ቆለፉ። "ክቡር ሊቀመንበር፣ እርስዎ ቀጥ ያለ ሐዘን አይተው ያውቃሉ?"

ሊቀመንበሩ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ፤ መልሰው አደረጉ። "አላየሁም" አሉ በመጨረሻ። "ግን ደንብ ነው።" ሁለቱንም ንግግር እንዳለ በቃለ ጉባኤ አሰፈርኩት። ሊቀመንበሩ በኋላ "አላየሁም ያልኩትን ብታወጪው ምን ይመስልሻል?" ቢሉኝ እምቢ አልኩ።

ጋሼ ውሳኔውን አከበሩ። ያውም እንዴት አድርገው! በሚቀጥለው ሞት ጡሩምባውን መስጊዱ ጥግ ላይ አፋቸው ላይ አደረጉት፣ አንዲት ቀጥ ያለች ድምፅ አወጡ፣ እያራመዷትም ወፍጮ ቤቱ ድረስ ሄዱ። በመሀል ትንፋሽ አልወሰዱም፤ ሳክስፎን ነፊዎች በአፍንጫ እየሳቡ በአፍ የሚያወጡበት ዘዴ አላቸው። ሰው ሁሉ የመኪና ክላክስ ተጣብቆ ነው ብሎ ወጣ። መንገድ ዳር ያደረ አንድ የከባድ መኪና ሾፌርማ ኮፈኑን ከፍቶ የራሱን መኪና መመርመር ጀመረ። ማን እንደሞተ የሰማ አልነበረም። በማግስቱ ሊቀመንበሩ ጋሼን ለብቻ ወስደው፣ "ትንሽ ትንሽ ማጠፍ ይቻላል" አሏቸው። ይህ በቃለ ጉባኤ አልሰፈረም።

ከዚያ በኋላ ሰፈራችን ለመዳቸው። ሰዉ አነፋፋቸውን ሰምቶ ሟቹ ወጣት ይሁን ሽማግሌ፣ ቁጡ ይሁን ደግ መለየት ጀመረ። አንዳንድ ጠዋት እያለቀስን ነው የምንወጣው፤ አንዳንድ ጠዋት ደግሞ፣ እግዜር ይቅር ይበለን፣ እየሳቅን።

አንድ ቅዳሜ ባቱ ሰርግ ላይ እንድንጫወት ተጠራን። ጋሼ፣ እኔና ኦርጋኒስቱ ከነዕቃችን ባቱ መናኸሪያ ወረድን። ባጃጁ ኦርጋኑንና ስፒከሩን አልችል ስላለ ጋሪ ተከራየን። ጋሼ ባለጋሪውን በኦሮምኛ "አካም ጅርታ?" ብለው ጨበጡት፤ ፈረሱንም አንገቱን መታ መታ አድርገው በዚያው ሰላም አሉት። ፈረሱ ግን ወይ ደክሞታል ወይ ጠግቧል፤ ቲማቲም የሚጫንበት ቦታ ስንደርስ አስፋልቱ መሀል ቀጥ አለ። ባለጋሪው ለመነው፣ ተቆጣው፣ ወርዶ ጎተተው። ወይ ፍንክች!

ሰርጉ ሰዓቱ ደርሷል፤ እኔ የሰርግ ቀሚስ ለብሼ ስፒከር ላይ ተቀምጬ እሳደባለሁ። ጋሼ ሳክስፎናቸውን ከሳጥኑ አወጡና ለእርምጃ የሚሆን፣ ዘና ያለ ብሉዝ ጀመሩ። ፈረሱ ጆሮውን ቀጥ አደረገ። ከዚያ ሄደ! ያውም ምቱን ጠብቆ። ጋሼ ከንፈራቸውን ለማራስ ቆም ሲሉ ፈረሱም ቆመ። ሲጀምሩ ጀመረ።

"አባባ፣ በፈጠረዎት አያቁሙ!" አለ ባለጋሪው። "እሱ ገብቶታል!"

ከቲማቲሙ ተራ እስከ ሰርጉ ቤት ድረስ ነፉ። ባጃጆች ጡሩምባቸውን እያሰሙ ተከተሉን፤ ሱቅ ያለው ከሱቁ ወጣ። የሙሽራው ቤተሰቦች የሙሽሪት አጀብ ደረሰ ብለው በእልልታ ሲወጡ ያገኙት እኔን ነው፤ ስፒከር ላይ፣ በላብ ርሼ። ጋሼ ግቢ ውስጥ ወንበር ፈልገው ተዘረጉ። የሙሽራው አባት "መቼ ትጀምራላችሁ?" ሲሏቸው፣ "ዋናው ዝግጅት አልቋል ጌታዬ፤ ሙዚቃ የገባው አድማጭም ውጭ ድርቆሽ እየበላ ነው" አሉ። እስከ ዛሬ ያን ያህል የሳቅኩበት ቀን የለም።

በማግስቱ በሚኒባስ ስንመለስ ግን መቂን አልፈን ቆቃ እስክንደርስ ድረስ ዝም አሉ። ጋሼና ዝምታ አብረው አይሄዱም፤ ፈራሁ።

"ምን ሆኑ?"

"አንቺ፣ እኔ ስሞት ስንት ሰው የሚመጣ ይመስልሻል?"

"እድሩ በሙሉ ነዋ!"

"እሱማ ይመጣል፤ የቀረ ይቀጣላ።" ሳቁ፣ ከዚያ ሳቃቸውን ተዉት። "ቀባሪ አላጣም። የማጣው ሐዘንተኛ ነው። አላገባሁ፣ አልወለድኩ፣ አንዲት እህት ነበረችኝ እሷንም ቀበርኩ። ይሄን ሁሉ ሰው ስለፍፍ ኖሬ፣ የእኔን ስም ሲሰማ ማን ነው የእኔ ነው የሚል?"

በመስኮት ዓሣ ከፍ አድርገው የሚያሳዩትን ሻጮች ማየት ጀመርኩ። ጋሼ የእኔን ፊት አይተው መለስ አሉ፤ "ለማንኛውም ጡሩምባውን አንቺ ንፊልኝ። ቀጥ አድርገሽ ከነፋሽ ግን ተነሥቼ ነው የማርምሽ" አሉ። "እሺ፣ እነፋለሁ፤ አሁን ሌላ ወሬ ያምጡ!" ብዬ ተቆጣሁ። ቃል የገባሁት ወሬውን እንዲተዉልኝ ነበር።

ሳንባቸው መታመም ሲጀምር ሐኪም ቤት የወሰድኳቸው እኔ ነኝ። ወጣቱ ሐኪም ማዳመጫውን ጀርባቸው ላይ አድርጎ፣ "አባቴ፣ ትንፋሽ ይያዙ" አላቸው። ያዙ። "እሺ፣ ይተንፍሱ።" አልተነፈሱም። "ይተንፍሱ አባቴ!" ወይ ፍንክች። ሐኪሙ ደንግጦ ፊት ለፊታቸው ሲዞር አንድ ጣታቸውን አነሡና በታፈነ ድምፅ፣ "ቆየኝ፣ ሶሎዬን አልጨረስኩም" አሉት። ሐኪሙ በሳቅ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። ውጤቱን ሲነግረኝ ግን አልሳቀም።

ያረፉት አንድ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፣ እዚያው ሐኪም ቤት ተኝተው ነው። ነርሷ እንደነገረችኝ መጨረሻ ላይ ያወሩት ስለ ኦክስጅኑ ማሽን ነበር፤ "ይሄ ልጅ ይፈጥናል፣ ምት አይጠብቅም" አሉ። እዚያው ኮሪደር ላይ እየሳቅኩ አለቀስኩ። ተናደድኩባቸውም፤ የሚያስቁኝ ሰው ሞተው እንኳ በደንብ አላስለቀሱኝም።

ሊቀመንበሩ ቤቴ መጥተው፣ "የጎረቤት እድር ነፊ እንዋሳለን" አሉኝ።

"እኔ ነኝ የምነፋው።"

"ሴት ጡሩምባ ነፍታ አታውቅም!"

"ቃለ ጉባኤውን የምይዘው እኔ ነኝ፤ ሴት አትንፋ የሚል ውሳኔ የለም። ካለ ያሳዩኝ።"

ሊቀመንበሩ አሰቡ። የሌለ ውሳኔ መጥቀስ አይችሉም፤ ተፈጥሯቸው አይደለም። "እንግዲያው አብሬሽ እወጣለሁ" አሉ።

ጎህ ሲቀድ መስጊዱ ጥግ ቆምን። በሕይወቴ ጡሩምባ ነፍቼ አላውቅም። መጀመሪያ የወጣው ባዶ አየር ነው። ሁለተኛው እናቱን ያጣ ጥጃ ነው። ሦስተኛውን ምን እንደምለው አላውቅም፤ ብቻ ከሰፈሩ መስኮቶች ሳቅ ተሰማ። በር ተከፈተ፣ ሌላ በር ተከፈተ። "ጋሼ ዛሬ ደግሞ ምን ይዘው መጡ!" የሚለው የሰፈራችን ባጃጅ ሾፌር ድምፅ ነው። ሳምቡሳ ሻጯ ጎረቤቴ ጋቢዋን እየጎተተች፣ "ውይ ጋሼ፣ ሊገድሉን ነው ዛሬስ!" እያለች ወጣች። ሰፈሩ በሙሉ አዲስ ቀልድ የመጣ መስሎት በነጠላ ጫማ ግልብጥ ብሎ ወጣ። እኔን ሲያዩ ጭራሽ ባሰባቸው፤ ተማሪ ይዘዋል ብለው ከኋላዬ እሳቸውን መፈለግ ጀመሩ።

በደንቡ መሠረት ለፈፍኩ። "የእድራችን አባልና ጡሩምባ ነፊ..." ብዬ ስማቸውን ጠራሁ። ባጃጅ ሾፌሩ ጉልበቱን መታ። "ራሳቸውን ለፈፉ! ኧረ እኚህ ሰውዬ!" ሰው በሳቅ ተያያዘ። እኔም፣ ምን ላድርግ፣ አፌ ወደ ሳቅ እየሄደ ዕንባዬ ወረደ።

ያን ጊዜ ከኋላዬ ሊቀመንበሩ ባርኔጣቸውን አወለቁ። እሳቸው በሕይወታቸው ቀልደው የማያውቁ ሰው ናቸው። ሳቁ በአንዴ አልቆመም፤ ከአንዱ ወደ አንዱ እየተላለፈ ጠፋ። ጎረቤቴ አፏን በጋቢዋ ያዘች። ባጃጅ ሾፌሩ ወደ እኔ መጣና በዝግታ፣ "እንግዲያው እንደሳቸው አድርገሽ ንፊው" አለኝ። ነፋሁ። ከንፈሬ ስለሚንቀጠቀጥ ድምፁ በራሱ ጊዜ ታጠፈ። ሊቀመንበሩ ስለ ደንቡ ምንም አላሉም።

ቀብሩ ሞላ። እሱ አላሳሰበኝም፤ የቀረ ይቀጣል። ከቀብር መልስ ግን ድንኳኑ ውስጥ የእድሩ ሰዎች አግዳሚ ወንበሩን በደንቡ ሁለት ቦታ ደረደሩት፤ ከላይ በኩል የሟቹ ዘመዶች የሚቀመጡበት፣ ከታች በኩል ሊያጽናና የሚመጣው። የላዩ ባዶ ነበር። ጋሼ በቆቃ መንገድ ላይ ያሉኝ ነገር በአካል ፊቴ የተደረደረ መሰለኝ። አላስቻለኝም፤ ሄጄ ብቻዬን ተቀመጥኩበት። ጸሐፊዋ ምን አግብቷት የሚል ካለ ይምጣ ብዬ ነበር።

መጀመሪያ የመጣው ባጃጅ ሾፌሩ ነው። "እግዜር ያጽናሽ" አለኝና ከታች ይቀመጣል ስል አጠገቤ ተቀመጠ። ኦርጋኒስቱ መጥቶ በዚያኛው ጎኔ ተቀመጠ። ጎረቤቴ እያለቀሰች መጥታ በመሀላችን ተወሸቀች። የመጀመሪያዋ ሟች ልጆች፣ የሆቴሉ አስተናጋጆች ከነዩኒፎርማቸው፣ ከወንጂ የመጡት የድሮ ጓደኞቻቸው፣ ሁሉም ይገባል፣ ነፍስ ይማር ይላል፣ ወደ ላይ ይመጣል። አግዳሚው ሞልቶ ሰው መሬት ላይ ተቀመጠ። ሊቀመንበሩ መሀል ቆመው እጃቸውን እያወናጨፉ፣ "በዚህ በኩል ሐዘንተኛ ብቻ! ሐዘንተኛ ያልሆነ ወደ ታች ይውረድ!" አሉ። አንድም ሰው አልወረደም። ሊቀመንበሩ ባዶውን ወገን አዩ፣ እኛን አዩ፤ ከዚያ መጥተው ኦርጋኒስቱን ጠጋ በል አሉትና ተቀመጡ።

ንፍሮው መዞር ሲጀምር ከሌላ ቀበሌ የመጡ አንዲት አሮጊት ድንኳኑ በር ላይ ቆሙ። ወዲህ ቢያዩ ጥቅጥቅ ብለን ተቀምጠናል፤ ወዲያ ቢያዩ ወንበር ብቻ ነው።

"የሟቹ ዘመዶች የትኞቹ ናችሁ?" አሉ ግራ ገብቷቸው።

ሊቀመንበሩ ተነሡ። "ሁላችንም ነን እናቴ" አሉ። "እርስዎ እባክዎን ከወዲያ በኩል ይቀመጡልን፤ የሚያጽናናን ሰው አጥተን ነው።"

አሮጊቷ በዚያ ረጅም ባዶ አግዳሚ ላይ ብቻቸውን ተቀመጡ። ነጠላቸውን አስተካከሉና፣ "እንግዲህ ልጆቼ፣ እግዜር ያጽናችሁ" አሉን።